ሰዓቴ የደብረ ብርሃንን አየር አያውቅም

የእጅ ሰዓቴ «የአካል ብቃትህ ደካማ ነው» ማለት ከጀመረ ሰነበተ። በቀይ ቀለም ነው የሚጽፈው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ በጫጫ መንገድ ሮጬ ስመለስ ያቺ ቀይ ጽሑፍ ትጠብቀኛለች። ለበዓል ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ ስወርድ ግን ያው ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት ለሮጥኩት ሰውዬ፣ «ጥሩ» ይላል። ያውም በማግስቱ፣ ዶሮ ወጥ ተበልቶ። ወደ ሥራዬ ስመለስ እንደገና ደካማ እሆናለሁ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠሩት እኔን ነው። የሙያው በሽታ አለብኝ፤ አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ እረፍት የለኝም። አንድ መሣሪያ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት መልስ ከሰጠ፣ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ችግሩ መሣሪያው ነው ወይስ ቦታው?

መጀመሪያ ሰዓቱን ጠረጠርኩ። ከዱባይ በሰው በኩል የመጣ ነው፤ ዋጋውም ያን ያህል አልነበረም። ቀጥዬ ውርጩን ጠረጠርኩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፤ ጣት ይደነዝዛል። ሦስተኛውን ግምት የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። «ሰንፈህ ነው» አለች። ይህኛው ሙሉ በሙሉ ውድቅ አይደለም።

ነገሩ ሌሊትም አልተወኝም። ስተኛ ሰዓቱ የደም ኦክስጅን ይለካል። 91 በመቶ ይልና ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ባለቤቴ ይህን ካየች በኋላ ሐኪም ቤት ካልሄድክ አለች። ሄድኩ። ነርሷ ጣቴ ላይ መለኪያ ሰካች፣ 92 አነበበች፣ ነቀለችው። «ለደብረ ብርሃን ደህና ነው» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ለደብረ ብርሃን? ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም።

ከግርጌ ያለችው መስመር

ነገሩ የተገለጠልኝ ሐኪም ቤትም ሩጫም ላይ አይደለም። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሰርቨር፣ ማለትም የሁላችንን መረጃ የሚይዝ ዋና ኮምፒውተር፣ ሊገዛ አስቦ፣ ዝርዝር መግለጫውን እንዳይ ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሰው የሚያየው ሜሞሪውን፣ ፕሮሰሰሩንና ዋጋውን ነው። እኔም ከዚያ ጀመርኩ። የሥራ ሙቀት፣ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። 35 ዲግሪ ደብረ ብርሃን ላይ ማን አይቶ ያውቃል? አለፍኩት። ከሠንጠረዡ ግርጌ ግን ጉንዳን በምታክል ፊደል አንዲት መስመር ነበረች። ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል ትላለች።

ሒሳቡን ሠራሁት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 900 ሲቀነስ 1,940። ለ300 ሲካፈል ስድስት ተኩል ገደማ። ስለዚህ 35 የተባለው እዚህ 28.5 ነው። ኤሲው ሲጠፋና በሩ ሲዘጋ የእኛ ሰርቨር ክፍል እዚያ ለመድረስ ብዙ አይለፋም። ውጭ ሰው ጋቢ ተከናንቦ እየሄደ፣ ውስጥ ማሽኑ በሙቀት ሊጨነቅ ይችላል ማለት ነው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ሰርቨርን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚነፍሰው አየር ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፋኑ እዚያ የሚዞረውን ያህል እዚህም ይዞራል፣ ይጮኻል፤ የሚገፋው አየር ግን ስስ ስለሆነ ሙቀቱን በሚገባ አያነሳም።

አንዴ ከተጀመረ ብዬ የሃርድ ዲስኩንም ግርጌ አነበብኩ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የምታነበው ጭንቅላት ዲስኩን አትነካውም። በናኖሜትር በሚለካ የአየር ትራስ ላይ ትንሳፈፋለች። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች 3,048 ሜትርን ጣራ አድርገው የሚጽፉት። ቁጥሩ እንግዳ የመሰለው 10,000 ጫማ ወደ ሜትር ተለውጦ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ከጣራው ሥር ለጥቂት አመለጠች። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከጣራው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የመንዝ ጓሳማ ከ3,200 ሜትር ስለሚጀምር ጭራሽ ከጣራው በላይ ነው። በሂሊየም ጋዝ ተሞልተው የታሸጉት አዳዲስ ዲስኮች ግን የውጭው አየር መሳሳት ትራሳቸውን አያሳሳውም፤ የራሳቸውን ትራስ ከፋብሪካ ይዘው ነው የሚመጡት።

ያን እያነበብኩ ሳለሁ ሰዓቴ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ብዙ ተቀምጠሃል፣ ተነስና ተንቀሳቀስ ነው የሚለው። ወረቀቱን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ። ሰርቨሩን የሠራው መሐንዲስ ዕቃው ደጋ ሲወጣ እንደሚደክም ያውቃል። በትንሽ ፊደልም ቢሆን ጽፎታል። «እዚያ ከወሰዳችሁት ከ35 ላይ ቀንሱለት» ብሎ ለብረት ሳጥን ይቅርታ ጠይቆለታል። ለእኔስ? የእኔ ግርጌ የት ነው የተጻፈው? እኔ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ለእንጀራ 2,840 ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባል የለ? ሰርቨሩ ከእኔ የሚሻለው ጭነቱ እንዲቀነስለት ወረቀት ይዞ በመምጣቱ ነው።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ታውቀዋለች። ደብረ ብርሃን ልትጠይቀን ስትመጣ ሽምብራ ጥዳ ግማሽ ቀን ትጠብቃለች። «የእናንተ እሳት ምን ሆኗል?» ትላለች። እሳቱ ምንም አልሆነም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቢንተከተክም ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ሽምብራውም ሳይቸኩል ይበስላል።

መኪናም ይታፈናል

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ላይ ግርጌውን መፈለግ ጀመርኩ። ከሁሉ የቀለለው መኪና ነው፤ እሱ ሲደክመው በግልጽ ይሰማል።

የሥራ ባልደረባዬ ቀደም ሲል ቪትዝ ነበረው። አብረን ወደ ታች ስንሄድ ደስ ይላል፤ ስንመለስ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ያቃስታል። ኤሲ ይጠፋል፣ ማርሽ ሁለት ይገባል፣ ወሬ ይቆማል። ተርቦ (አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ያው እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው። 3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ 30 በመቶ ገደማ ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ መኪና እዚያ 50 ያህል ይዞ ነው የሚወጣው። ሽያጭ ላይ ይህን የሚነግርህ የለም።

አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ከደሴ አዲስ አበባ አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራቸው አልገረማቸውም። «መኪና ጣርማ በር ላይ ይታፈናል፤ ይህ ደግሞ ምን ወሬ ነው?» አሉኝ። ድሮ የቤንዚን መኪኖች ነዳጅና አየር በካርቡሬተር ሲቀላቅሉ፣ መካኒክ ነዳጁን ለደጋ ይቀንስላቸው እንደነበር ነገሩኝ። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ካልቀነሰ ጥቁር ጭስ ነው። ተርቦ ያለው ናፍጣ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ተርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ እምብዛም አይታፈንም። ሹፌሩ፣ መካኒኩና እናቴ የሚያውቁትን ነገር የእኔ ሰዓት ብቻ ነው የማያውቀው።

ማሞ ወልዴ በእኔ ሰዓት ቢለካ

ሰዓቱ ይህን «ደካማ» የሚያመጣው እንዲህ ነው። ስሮጥ ፍጥነቴንና የልብ ምቴን ያያል። በዚህ ፍጥነት ልብህ ይህን ያህል ከመታ፣ ሰውነትህ በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለው ኦክስጅን ይህን ያህል ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ በዕድሜና በፆታ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። ደብረ ብርሃን ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። ሰዓቱ ልቤ መፍጠኑን ያያል፣ አየሩን አያይም፣ ይፈርዳል።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ሰዓቱ ከፍታውን ያውቃል! ውስጡ ባሮሜትር፣ የአየር ግፊት መለኪያ፣ አለው። አንዱ ገጽ ላይ 2,840 ሜትር ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ገጽ ላይ ደካማ ብሎ ይሰድበኛል። ሁለቱ ገጾች አይነጋገሩም። ለነገሩ በእኛ ሙያ ይህ አዲስ አይደለም። የፋይናንሱ ሲስተም ከሰው ሀብቱ ሲስተም ጋር የማይነጋገርበት መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ከፍታውን አስልተው የሚያስተካክሉ ውድ ሰዓቶች አሉ፤ የእኔው ከነሱ ወገን አይደለም።

እስቲ ጥቅምት 10 ቀን 1961ን እናስብ። ሜክሲኮ ሲቲ፣ ኦሎምፒክ፣ ማራቶን። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። አበበ ቢቂላ፣ ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ የተወለደው የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ ሕመም ይዞት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን አጠለቀ። አበበ ራሱ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በጥቅምት 1957፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር ያሸነፈው። ቶኪዮ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት። ስምንት ደቂቃ ልዩነት!

ማሞ ያን ቀን የእኔን ሰዓት አስሮ ቢሆን ኖሮ፣ መጨረሻው መስመር ላይ «አቋምህ ከቀድሞው ቀንሷል፣ ሁለት ቀን እረፍ» ይለው ነበር። ወርቅ አንገቱ ላይ እያለ!

በዚያው ኦሎምፒክ ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሎ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ማንም ያልደረሰበትን ክብረ ወሰን ሠራ። ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ስስ አየር ያግዛል፤ ከፊት የሚገፋቸው አየር ያነሰ ነውና። ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ያው አየር ጠላት ነው። አንድ ስታዲየም ውስጥ፣ አንድ አየር፣ ሁለት ተቃራኒ ቁጥር። ቁጥሩን ከቦታው ነጥለህ ብታነበው ዘላዩ ተአምር የሠራ፣ ሯጩ የሰነፈ ይመስልሃል።

ደብረ ብርሃን ከሜክሲኮ ሲቲ በ600 ሜትር ትበልጣለች። ይህን ማወቄ ፈጣን አላደረገኝም። ቀይዋን ጽሑፍ ሳይ ግን እንደ ድሮው አልቆጣም።

ደጋ ተወልዶ ያደገው ሰው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክቶ ነበር። የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆነ። ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር ሰው ማለት ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢናቸውም፣ ከመጠን በላይ አልጨመረም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር ነው የሚቋቋሙት፤ የቲቤቶቹ በዝቅተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ፤ የእኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ አላቸው። የመንዝ ጎረምሳ በርኖሱን ደርቦ ያንን ዳገት እያወራ ሲወጣ፣ እኔ የሸዋ ሮቢቱ ቆለኛ ከኋላው አፌን ከፍቼ የምከተለው ለምን እንደሆነ ሳስብ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። ወሬ ሲጠይቀኝ በጭንቅላቴ ነው የምመልሰው።

አሁን ሩጫዬን የምለካው በራሴ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፤ ዛሬ ልቤ ካለፈው ወር ባነሰ ምት ከወሰደኝ በቃኝ። ከቆላ በተመለስኩ ሰሞን ደግሞ ቀስ እላለሁ። የሮቢትን ፍጥነት ይዞ ደብረ ብርሃን ላይ የጀመረ ሰው መሐል መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይይዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለት ጆንያ

ባልደረባዬ ቪትዙን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ሳይወድም ቢሆን ስለ ባትሪ ያወራል። እኔ ግን ከሰዓቴ ጋር ከተጣላሁ ወዲህ ይህን መኪና በሌላ ዓይን አየዋለሁ። አይተነፍስም። ሞተሩ ኦክስጅን አይፈልግም። ባሕር ወለል ላይ ያለው ጉልበት ጣርማ በርም ላይ ያው ነው። ግርጌ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል፤ ብርድ ግን ባትሪውን ይነካዋልና የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ባለፈው አጎቴን ይዘን አብረን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ባልደረባዬ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ 100 በመቶ ሞልቶ ሊነሳ ነበር። ተው አልኩት። ይህ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመልስበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 80 ላይ ነቀለው። አጎቴ ይህን ሰምተው ከኋላ ወንበር ሳቁ። «እኛ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ነበር የምንለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በፍሬን ብቻ ጣርማ በርን የወረደ አይሱዙ የሚያወጣው ሽታ እስከ ደብረ ሲና ይከተልሃል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ስንወርድ ቁልቁለቱ በጠናበት ሁሉ የባትሪው ቁጥር ጨመር ይላል። ሜዳ ሲሆን ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጣርማ በር ላይ ከነበረው ብዙም አልራቀም። አጎቴ ቁጥሩን ከጀርባ አንገታቸውን አስግገው ሲከታተሉ ነበር። «ነዳጅ ቁልቁለት ላይ ይወለዳል እንዴ?» አሉ። ሕይወታቸውን ሙሉ ያንን ቁልቁለት ለፍሬን ሸራ ሲከፍሉ ኖረዋል።

ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ዳገት የሮጥክበትን ቁልቁለት አይመልስልህም። እንዲያውም ሲወርዱ ጭኑ እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ፣ በማግስቱ ደረጃ የሚያስቸግረው ቁልቁለት የሮጠ ሰው ነው። እኔ ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና በሩጫ ወርጄ አይቼዋለሁ፤ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጠረጴዛ መደገፍ ነበረብኝ።

የመኪናው ዕዳ መመለሻው ላይ ነው። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። የመንገዱ ሲጨመር እስከ ደብረ ብርሃን 25 አካባቢ ይሆናል። ባትሪው 60 ነው፤ ይበቃል። ባልደረባዬ ግን ፍርሃት ነገሠበት። ማታ ከሳሎኑ ሶኬት ሰካው። ከግድግዳ 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚስበው፤ ሌሊቱን መብራት ባይጠፋ ኖሮ ጥሩ ይሞላ ነበር። ጠፋ።

ጠዋት እናቴ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስወጥታ መኪናው አጠገብ አቆመች። ባልደረባዬ ጆንያውን አየ፣ የባትሪውን ቁጥር አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዳገቱ ከባድ ነው። ባትሪው እንዳያልቅብን።»

«ለሽንኩርት?» አለች እናቴ።

ስልኬን አውጥቼ አሰላሁት። 50 ኪሎ፣ 1,700 ሜትር። 0.23 ኪሎዋት ሰዓት። ከባትሪው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከራሱ ከባልደረባዬ ክብደት ያነሰ ነው፤ ይህንንም ነገርኩት። ቁጥሩን ደግሞ ራሱ አሰላው።  ከዚያ ዝም ብሎ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈተ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ እኔን።

«ምንም አይል፤ አይከብደውም ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሁለት ይሁን» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።